ቦራው ከጋጡ ሳይወጣ ያሸነፈ ጊዜ

የበደለኝ ሰው ጋሽ ተካልኝ ይባላል። የበደለኝም በኮሮናው ዓመት፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመለሱ በተባለበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። አሁን እሱ ማለት ይበቃዋል።

ስንት ዘመን አልፎ ምን አስነሣሽ የሚል አይጠፋም። በቅርቡ ለጉዳይ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጀፕስታውን ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ስወጣ አንዲት ሴት ወለሉን በበረኪና ታጥብ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ያ ቤት እንዳለ ፊቴ ቆመ። የፈረሱን ነገር ሌሎቹ ሲያወሩት ሁልጊዜ ሳቅ ያለበት ጨዋታ ያደርጉታል። በሠርግ ላይ ሳይቀር ሲያወሩት ሰምቻለሁ። እኔ ያልሳቅኩበትን ክፍል ልጻፈው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሳንሰሩ ከተበላሸ ብዙ ጊዜ በሆነው ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን በስሙ የተከራየው ጋሽ ተካልኝ ስለነበር ሳሎኑ የእሱ ነው። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች በአንዱ አባዬ፣ እማዬና እኔ እንኖራለን። በሌላው ደግሞ ከአባዬ ጋር ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ዘሪሁን አለ፤ ወሬና ቀልድ የማያልቅበት ወጣት ነው። ኪራይ እየከፈልንም ቢሆን አባዬ «እኛ የጋሼ እንግዶች ነን» ይል ነበር። እንግዳ ማለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚኖር ሰው መሆኑን ከዚያ ቤት ነው የተማርኩት።

ምግብ ከሚሸጥ በቀር ሱቅ ሁሉ ይዘጋ ተባለ። አባዬ የሚሸጠው መጋረጃና ብርድ ልብስ ነው። መጋረጃ አይበላም፤ ስለዚህ ቤት ዋለ። ዘሪሁንም ዋለ። የውርርድ ቤቶች ስለተዘጉ ጋሽ ተካልኝም ዋለ። በመስኮት ቁልቁል ስናይ ያ ሁልጊዜ ሰው ከሰው የሚጋፋበት መንገድ ባዶውን ተኝቷል። አልፎ አልፎ ወታደሮች በመኪና ያልፋሉ። እማዬ ድንቹን፣ ቁልፉን፣ የዳቦውን ላስቲክ፣ የበሩን እጀታ፣ ሁሉን በበረኪና ታጥባለች። ዳቦው ራሱ በረኪና በረኪና ይላል። እኔ በሽታው ሽታ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ኮሮና ማለት በረኪና የሚሸት፣ በደረጃው ቀስ ብሎ የሚወጣ አንድ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው።

ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ሲናገር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ያላቸው የገበያ እንግሊዝኛና የገበያ ዙሉ ነው፤ ለደንበኛ ይበቃል፣ ለፕሬዚዳንት አይበቃም። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ «ሲጋራ አይሸጥም አለ»፣ «ቤተ ክርስቲያንም ይዘጋል አለ» እላለሁ። ሦስቱም አፌን ያያሉ። ከዚያ በፊት አፌን ያየው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ተካልኝ በወጣትነቱ ሞጆ ላይ ጋሪ ይነዳ ነበር። ከፈረስ ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው። ጆሃንስበርግ ከመጣ በኋላ ደግሞ እንግሊዞች የሚያካሂዱትን የአጥር ዝላይ ግልቢያ በውርርድ ቤት ስክሪን አይቶ ሌላ ስፖርት ሁሉ ተወ። ከሁሉ የሚበልጥበት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በእነሱ አገር ፀደይ የሚደረገው ረጅሙ ግልቢያ ነው። ፈረሶቹ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ፤ በየመሃሉ ከሰው ቁመት የማይተናነስ አጥርና ቦይ አለ። ከሚጀምሩት ግማሾቹ አይጨርሱም። ይህን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ አንድ ትንሽ ዳማ ፈረስ ነበር። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ ስላለበት ጋሽ ተካልኝ «ቦራው» ብሎ ሰየመው። የእንግሊዝኛ ስሙን ብነግራቸውም ማንም አልፈለገውም። ቦራው በልጅነቱ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ገዢ አጥቶ የነበረ ፈረስ ነው አሉ። እንግሊዞቹም የሚወዱት ለዚህ ነበር፤ የእኛ ቤት ወንዶችም።

ያን ሰሞን ከኮሮና ቀጥሎ የሚወራው ቦራው ብቻ ነበር።

«ሩጫማ ማንም ይሮጣል» ይላል ጋሽ ተካልኝ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ። «የመጨረሻው አጥር ላይ ሲደርስ ትንፋሽ የሚተርፈው የቱ ነው? ጥያቄው እሱ ነው። የጋሪ ፈረስም እንዲሁ ነው። ጠዋት የሚዘለውን አትመን፤ ማታ ቤቱ የሚያደርስህን እመን።»

«ጋሼ፣ ቦራው ግን አርጅቷል እኮ» ይላል ዘሪሁን። «ዘንድሮ የሚገባው ጡረታ ነው።»

«ጡረታ የሚገባህስ አንተ! ከአልጋህ እስከ ሽንት ቤት ለመድረስ የምታለከልክ!»

«ያ ጥቁሩ ፈረስ ወጣት ነው። እግሩን አላዩትም?»

«ጥቁሩ ጭቃ ሲያይ እንደ ሙሽራ ይጠየፋል። ቦራው እኮ አጥር አይዘልም፤ አጥሩ ነው ዝቅ የሚልለት።»

አባዬ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ይስማማል። «እውነት ነው፣ ዝቅ ይልለታል» ይላል፣ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው።

እኔም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቦራው መሮጥ ሊጀምር ሲል ከተላክኩበት ሱቅ ደርሼ ወደ ሳሎኑ ገብቼ ነበር፤ ቦራውም አሸነፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ተካልኝ «የዚህች ልጅ እግሯ እርጥብ ነው» አለ። እርጥብ እግር ያለው ሰው ሲገባ ገድ ይገባል። ስለዚህ ማንኛውም ግልቢያ ሲጀመር እኔ ውጪ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲጠራኝ በቀኝ እግሬ እገባና በርጩማዬ ላይ እቀመጣለሁ። እኔ ነገሩ በደንብ አልገባኝም። ከመጠራቴ በፊት ሁልጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እግሬን ውኃ አስነካ ነበር፤ ደርቆ ቢገኝ ፈረሱ የሚወድቅ መስሎኝ። ምንጣፉ ላይ የእግሬ ፈለግ ሲቀር እማዬ ትቆጣኛለች፤ ጋሽ ተካልኝ ግን «ተያት፣ ተያት» ይላል። ሴት ልጅ አልነበረውም። «ልጄ» ይለኝ ነበር። አምኜው ነበር።

የዚያ ዓመት ግልቢያ በበሽታው ምክንያት ተሰረዘ የሚል ወሬ ዘሪሁን ከስልኩ አምጥቶ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ሁለት ቀን አኩርፎ ተኛ። ቅዳሜ ግን ቴሌቪዥኑን ሲከፍተው፣ ይኸው፣ ሜዳው አለ፤ ሣሩ አለ፤ ፈረሶቹ ተሰልፈዋል።

«ተሰረዘ ያልከኝ አንተ ነህ?» አለው ዘሪሁንን። «የእናንተ ስልክ ውሸት እንጂ ምን ያወራል! ሚጡዬ፣ ነይ ግቢ!»

በእርጥብ እግሬ ገባሁ።

እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ፈረሶቹ እንደ አንድ ሆነው ወጡ። ሣሩ አረንጓዴ፣ ከሚገባው በላይ አረንጓዴ ነበር። እኔን ግን የያዘኝ ሰዉ ነው። በአጥሩ ዳር ሺህ ሰው ተጠጋግቶ ቆሟል። አንድም አፉን የሸፈነ የለም። እኛ ከደረጃው በታች ካለች ጎረቤት ጋር ሰላም ከተባባልን ስንት ጊዜያችን! አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው እያጨበጨበ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ካሜራው ሌላ አጥር ሲያሳይ ያው ሰውዬ እዚያም ያጨበጭባል። ከዚያም በሌላው አጥር። መንታዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ እናታቸው አንድ ዓይነት ኮፍያ የገዛችላቸው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይሞቱም?» አልኩ።

«እንግሊዝ ሕጉ ሌላ ነው» አለ አባዬ።

«ዝም በሉ!» አለ ጋሽ ተካልኝ። «መጣ! ቦራው መጣ! አየኸው? አየኸው አዘላለሉን? እሰይ የኔ አንበሳ!»

የመጨረሻውን አጥር ጥቁሩና ቦራው እኩል ዘለሉ። ከዚያ ቦራው ጥቁሩን እያየ ጥሎት ሄደ። ጋሽ ተካልኝ አባዬን አቀፈው። መተቃቀፍ ክልክል ነበር፤ ማንም አላስታወሰም። ዘሪሁን እንኳ የጥቁሩን ነገር ረስቶ ያፏጫል። ጋሽ ተካልኝ ስልኩን አነሳና ዳቬይተን ሰፈር ላሉት ወዳጆቹ ደወለ። «ሦስተኛ! ሦስት ጊዜ! ያረጀው የታል? የታል ያረጀው!» እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

እኔ ግን የምሰማው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ሰው ነበር። ሥራዬ እሱ ነበራ፤ መስማትና መናገር። ሰውዬው እየሳቀ የሚለው ሌላ ነገር ነው። የማላውቃቸው ቃላት ነበሩበት፤ የገባኝን ይዤ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ይሄን የሠራው ኮምፒዩተር ነው ይላል። ቦራው ዛሬ አልሮጠም። ጋጡ ውስጥ ሆኖ ድርቆሽ እየበላ ነው አለ።»

ስልኩ ገና ጆሮው ላይ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ጋጡ ውስጥ ነው አለ።»

«አፍሽን ዝጊ!» አለ። «ሟርተኛ! ሰው ደስ ሲለው የማትወጂ!»

አባዬ «ይቅርታ በያቸው» አለኝ። የምን ይቅርታ እንደምጠይቅ አላወቅኩም። ቦራው ሲያሸንፍ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው ደግሞ ጋጡ ውስጥ ነው ብሏል። አንድ ፈረስ ሜዳ ላይም ጋጥ ውስጥም እንዴት ይሆናል? እኛ ከቤት አትውጡ እንደተባልነው እሱም ተብሎ፣ ነፍሱ ብቻ ወጥታ ሮጣ ይሆን? «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ። ወደ ክፍላችን ገባሁ።

በማግስቱ ስልክ በስልክ ላይ ተደወለ። ዳቬይተኖች ነገሩን ሰምተዋል። እውነተኛው ግልቢያ ስለተሰረዘ ቴሌቪዥኑ ለጨዋታ ያህል የኮምፒዩተር ፈረሶችን አስሩጦ ኖሯል። «ተካልኝ፣ ለቦራው ገብስ ላክንለት፤ በየትኛው ሶኬት ነው የሚበላው?» ይሉታል። ዘሪሁንም አልማረውም፤ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ እየወለወለ «ላብ በላብ ሆኗል የኔ ጌታ» አለ።

ጋሽ ተካልኝ አልሳቀም። እራት ላይ ተናገረ።

«እስከ መጨረሻው አጥር ድረስ እውነት ነበር።»

«እንዴት ሆኖ ጋሼ?» አለ ዘሪሁን።

«እሷ ስትናገር ነው የተበላሸው። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። አፍ ክፉ ነው፤ የቆመን ነገር ያፈርሳል።»

አባዬ ሳህኑን አየ። እማዬ ለጋሽ ተካልኝ ወጥ ጨመረችለት። እንግዶች ነን።

እውነት ቢሆንስ ብዬ ተጨነቅኩ። በነጋታው መስኮቱ ጋ ቆሜ አፌን ሞከርኩት። «ኮሮና የለም» አልኩ ቀስ ብዬ። ጠበቅኩ። ቁልቁል ያየኋት ሴትዮ አሁንም ማስክ አድርጋለች። «ወታደሮቹ የሉም» አልኩ። መኪናቸው ማዕዘኑን ዞሮ መጣ። አፌ የሚሠራው በፈረስ ላይ ብቻ ነው አልኩ በልቤ። ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ስለ ፈረስ ምንም ላለመናገር ተጠነቀቅኩ።

ከዚያ በኋላ ለግልቢያ መጠራቴ ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ሲናገርም «ዘሪሁን፣ አንተ የገባህን ንገረን» ይላል ጋሽ ተካልኝ። ዘሪሁን የገባውን ግማሽ፣ የፈለሰፈውን ግማሽ አድርጎ ይነግራቸዋል። በርጩማው የእቃ ማስቀመጫ ሆነ።

ብርዱ ሲገባ ዘሪሁን ታመመ። አንድ ጠዋት የበረኪናውን ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫው ሥር አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ ውኃ ነው እንዴ?» አላት እማዬን። ምንም አልሸተተውም። ክፍሉን ዘግተን ምግቡን ከበሩ ሥር እያስቀመጥንለት ከረመ፤ ተረፈም። በዚያ ጊዜ ሁሉ ጋሽ ተካልኝ በኮሪደሩ ሲያልፍ ዓይኑ በሩን አይቶ ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

የስድስተኛ ክፍል ልጆች ይመለሱ የተባለው ዘሪሁን ከአልጋ በተነሣ ሳምንት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። እዚያ መምህሯ ስትጠይቅ እጄን አነሳለሁ፤ ስመልስ «ትክክል» ትለኛለች። ያ ቃል ናፍቆኝ ነበር። እማዬ የደንብ ልብሴን አጥባ ተኮሰችው፤ ቀሚሱ አጥሮኝ ስለነበር ጠርዙን ፈታ ዝቅ አደረገችው። ጋሽ ተካልኝ ቀሚሱ በሩ ላይ ተሰቅሎ ሲያይ አባዬን ጠራው። ክፍላችንን ከሳሎኑ በሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ በኩል ሁሉ ይሰማል።

«ልጅቷን ትምህርት ቤት ልታመላልሳት ነው?»

«ተከፍቷል ሲሉ ጊዜ ነው ጋሼ።»

«እኔ ስኳርም ግፊትም አለብኝ። በየቀኑ ወጥታ ስትገባ ይዛብን ትመጣለች። የእሷን እግር ደግሞ አሁን አውቀነዋል። ገደ ቢስ ናት። ዘሪሁንን እግዜር አተረፈው፤ ለሁለተኛ ጊዜ አልፈትነውም። ቴምቢሳ አጎቷ ዘንድ ትቆይ። ካልሆነ እናንተም ቤት ፈልጉ።»

አባዬ ይከራከራል ብዬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍኩ። የሰማሁት «እርስዎ ካሉ» የሚለውን ነው። ሁለት ቃል። አባዬን ለዚያ ሁለት ቃል ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ ክረምት ገብቶ፣ የት ይውሰደን? ጋሽ ተካልኝን ግን ይቅር አላልኩም።

ቴምቢሳ፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ከረምኩ። አጎቴ ማርቆስ ክፉ ሰው አይደለም። ሱቁ ፊት ለፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ዓለምን የማየው በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተቆራርጣ ነበር። አንድ እጅ ሳንቲም ይዞ ይገባል፣ እኔ ዳቦ ወይም ከረሜላ አወጣለሁ። የሰፈሩ ሰዎች እኛን ባለሱቅ ሐበሾችን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉን፤ እኔንም። ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብስ የለበሱ የእኔ እኩዮች ይመጣሉ። አንዷ «አንቺ ለምን አትማሪም?» አለችኝ። «ልሄድ ነው» አልኳት። በየጊዜው ልሄድ ነበር። እማዬ በስልክ «በሚቀጥለው ወር ጋሼ ይለዝቡልን ይሆናል» ትለኛለች። አጎቴም «ዛሬ ነገ የምትመለስን ልጅ እዚህ ምን አስመዘግባታለሁ?» ይላል። እንዲህ እየተባለ ዓመቱ አለቀ። ጓደኞቼ ሰባተኛ ክፍል ገቡ።

የእንግሊዞቹ ሌላው ፀደይ ሲደርስ፣ ያ ግልቢያ ዘንድሮ በእርግጥ ይካሄዳል ተባለ። እማዬ ደወለች።

«ጋሼ ራሳቸው ጠይቀውሻል» አለች። «ቦራው ለመጨረሻ ጊዜ ነው የሚሮጠው። ‹ልጅቷ ትምጣ፣ እግሯ ይግባ፣ እስቲ እንየው› አሉ። ስሚኝ ሰናይት፣ ደስ ካላቸው ያስቀሩሻል። አባትሽም ሱቁን ከፍቷል፤ ትምህርት ቤትሽንም አነጋግሬያለሁ፣ ቦታ አለ ብለውኛል። አንዲት ጥሩ ቃል ንገሪያቸው። አንዲት ብቻ።»

መጣሁ። ቤቱ ያው በረኪና ይሸታል። ጋሽ ተካልኝ ከስቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ልጄ» አላለኝም። «ደህና ነሽ?» ብሎኝ ወደ በሩ አመለከተኝ፤ ወጥቼ እንድገባ። ወጣሁ። እግሬን ውኃ ሳላስነካ ገባሁ።

ፈረሶቹ ተሰልፈዋል። በአጥሩ ዳር ግን ሰው የለም። ያ ሁሉ መቀመጫ ባዶ ነው። የሰው ጩኸት የለም፤ የሚሰማው የኮቴ ድምፅና የጋላቢዎች ጥሪ ብቻ ነው።

«ሰዉ የታለ?» አለ ጋሽ ተካልኝ።

«ኮሮና ነዋ ጋሼ፣ ክልክል ነው» አለ ዘሪሁን። «ይሄ እውነተኛው ነው።»

«አንተ አምናም እውነት ነው ብለህ አፏጭተሃል። ያኔ ሰው ነበረበት፤ ውሸት ሆነ። ይሄ ጭራሽ ሰው እንኳ የለበትም።»

እጁን ከጉልበቱ ላይ ሳያነሳ አየ። አንድ «እሰይ» አላለም። ጥቁሩ ሜዳው መሃል ወደቀ። ሣሩ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል፤ የቦራው ነጩ ግንባር ቡናማ ሆኖ አይለይም። በመጨረሻው አጥር ላይ ተንገዳገደ፣ አንገቱን ዘርግቶ ተነሣ፣ ሦስት ፈረስ አለፈ። አሸነፈ። ከሰውነቱ እንፋሎት ይወጣል። ጋላቢው አንገቱ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። የቴሌቪዥኑ ሰውዬም ድምፁ ተቆራርጦ «በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር» እያለ ነበር። አንድም ያልገባኝ ቃል አልነበረም።

ጋሽ ተካልኝ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ። ሰውዬው ምን ይላል? እውነት ነው ወይስ ኮምፒዩተር?»

አባዬ አየኝ። እማዬ ከኩሽና በር ላይ ሆና አየችኝ፤ ከንፈሯን ሳትከፍት እየለመነችኝ ነበር። «እውነት ነው ጋሼ» ብል እንደሚያቅፈኝ፣ እግሬም መልሶ እርጥብ እንደሚሆን፣ ሰኞ ያንን ጠርዙ የተፈታ ቀሚስ እንደምለብስ አውቅ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር።

«እኔ ሟርተኛ ነኝ፤ እኔን አይጠይቁኝ» አልኩት።

ዞሮ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በማግስቱ ከዳቬይተን ደውለው እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት የሚያሾፉበት መስሎት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ቦራው ከዚያ በኋላ አልሮጠም።

እኔ በዚያው እሑድ በታክሲ ወደ ቴምቢሳ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ የመጣችን፣ ሰፈሩ ጎጎ የሚላትን አንዲት አሮጊት ትምህርት ቤት ውሰጂኝ ብዬ ለመንኳት፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ስድስተኛ ክፍልን ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ከመጨረሻው ወንበር ጀመርኩ። ጋሽ ተካልኝ ቤት ተመልሼ አልገባሁም።